ዛሬ አነበበች

ሰባት ዓመቴ ላይ ከክፍሌ አንደኛዋ አንባቢ እኔ ነበርኩ። ማንበብ ግን አልችልም ነበር። የመጀመሪያውን መላው ትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ ካርቶን ተከምሮ አገኘን። ሲከፈት ታብሌት ነው። ፕሮጀክት መጣ ተባለ። ፕሮጀክት ምን እንደሆነ ባናውቅም መምህራችን አዲስ ሹራብ ለብሳ ስለመጣች ደግ ነገር መሆን አለበት አልን። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የምታስተምር ሴት ናት፤ ድምጿ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይቆይና ሐሙስ ላይ ይዘጋል። እኔ ያኔ ሹራቡን ነው ያየሁት። ዛሬ ሳስበው ሐሙስና ዓርብ የሚያነብላት ሌላ ጉሮሮ ነው ያ ካርቶን ያመጣላት።

ለእኔ የደረሰችኝ ጥጓ የተሰነጠቀ፣ ጀርባዋ ላይ ዐሥራ አራት ቁጥር የተለጠፈባት ነበረች። ስትከፈት አንድ በቀቀን ክንፉን ያራግባል። ከዚያ ሥዕል ይመጣል፤ ከሥዕሉ ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ። ቃሉን በጣት ነካ ሲያደርጉት አንዲት ሴት ታነበዋለች። ድምጿ አይጎረብጥም፣ አይሰለችም፣ ሐሙስም አይዘጋም። እኛ ልጆቹ «እትዬ» አልናት። እትዬ ካነበበች በኋላ ሦስት ሥዕል ይደረደራል፤ ትክክለኛውን የነካ ኮከብ ያገኛል። የተሳሳተውን የነካም አይቆጡትም፤ በቀቀኑ «እስኪ እንደገና» ይላል። ከሦስት ሥዕል አንዱን ለማግኘት ቢበዛ ሦስት ጊዜ መንካት ነው። ታዲያ ምን ቆርጦኝ ከፊደል ጋር እታገላለሁ?

ጆሮዬ ሹል ነበር፤ አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም። ጉድጓድ ሥር የቆመችዋ ጥንቸል ምን እንደምትል፣ ገበሬው ለአህያው ምን እንደሚመልስ፣ ሁሉንም በእትዬ ድምፅ፣ እትዬ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ ትንፋሽ እየወሰድኩ እወጣዋለሁ። በሦስት ወር ዘጠኝ መቶ ኮከብ ሞላሁ። ካሜራ የያዙ እንግዶች መጡ፤ አስነሥተውኝ የጥንቸሏን ታሪክ «አነበብኩ»። አጨበጨቡ። ያን ዕለት ታብሌቷን ቤት ይዤ እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ሰውን እያሳሳቀ የሚወስደው ውኃ ብቻ አይደለም።

እናቴ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ጣቶቿ ሁልጊዜ ነጭና የተጨማደዱ ናቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ለእኔ ስትል ነው መጀመሪያ የረገጠችው። የጎበዝ አንባቢዎች ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስታይ «የትኛው ነው ያንቺ?» አለችኝ።

«ከላይ ያለው።» አንደኛ የወጣ ሰው ከላይ እንደሚጻፍ አውቃለሁ።

እናቴ በተጨማደደ ጣቷ ስሙን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ዝርዝሩ የተጻፈው በፊደል ተራ እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የእኔ ስም ስድስተኛ ላይ ነበር፤ እናቴ የዳበሰችው የሌላ ሰው ልጅ ስም ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚጠብቀኝ አያቴ ነው፣ የእናቴ አባት። ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። ከብዙ ጉድጓድ ካለው ሣጥን የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ይሠራል፤ ፊደሉ የተገለበጠ ስለሆነ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያነበው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲያስገባ በጡረታ አሰናበቱት፤ ከፊደሎቹ አንድ ሣጥን ሙሉ ለመታሰቢያ ሰጡት። እኔን «አራት ነጥቤ» ይለኛል። «ከአንቺ በኋላ ይሄ ቤት ሌላ ልጅ አይጨምርም፤ ዐረፍተ ነገሩ አልቋል» ይላል። እናቴ «አንተ ደግሞ» ትለዋለች፣ እየሳቀች።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና «ያቺን ዝጊያትና ጋዜጣውን አንብቢልኝ» ይለኛል። ያቺ የሚላት ታብሌቷን ነው። የሚጠላት ይመስለኝ ነበር። ኮምፒውተር ከሥራው አባርሮታል፤ ይህቺ ደግሞ የኮምፒውተር ልጅ ናት፣ ቂም ይዟል ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ታብሌቴን ለምን ትጠላታለህ?»

«እኔ? ማሽን ምን አድርጎኝ። ማሽን እንደ በሬ ነው፤ ጥፋት የነጂው ነው።»

ጋዜጣውን እይዛለሁ። ጠዋት በሬዲዮ የሰማሁትን ከእትዬ ተረቶች ጋር አደባልቄ አወርደዋለሁ። ሚኒስትሩ መንገድ መረቁ፣ ዝናብ ይጥላል ተባለ፣ አንዲት ብልኅ ጥንቸል ለገበሬዎች ምክር ሰጠች። አያቴ አገጩን በምርኩዙ ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። «ይሄ ጋዜጣ ድሮ እንዲህ ጨዋ አልነበረም» ይላል። አንዳንዴ «ድጋሚ አንብቢው» ይለኛል። ድጋሚ ሳነበው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጥንቸሏ ቀበሮ ትሆናለች፣ ዝናቡ ፀሐይ ይሆናል። አያቴ ምርኩዙን መሬት ላይ አንዴ መታ ያደርጋል። ከዚያ «በደንብ ታነቢያለሽ። ከመጠን በላይ በደንብ» ይላል። እኔ ዘጠኝ መቶ አንደኛ ኮከቤን ያገኘሁ ያህል ደረቴ ይነፋል።

ፈተና እየፈተነኝ ነበር የሚመስለኝ። ያ ሰው ግን ዓይኑ እየጠፋ ነበር። አንደኛው ከቆየ ጀምሮ ጨለማ ነው፣ ሁለተኛው እየተከተለ ነው። ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር፤ እኔ ግን ለሁሉም የራሴን ትርጉም ሰጥቻለሁ። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆ ውስጥ ይነክራል፤ ሙቀቱን እየለካልኝ ነው አልኩ። ከአልጋው እስከ በሩ እርምጃውን ይቆጥራል፤ ስፖርት ነው አልኩ። ጎረቤታችን ከሆነው ፀጉር አስተካካይ ጋ ተቀምጦ «ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ነው፤ ከሰዓት ደግሞ የባሰ ጭጋግ» ሲለው ሰማሁና ወጥቼ ሰማዩን አየሁት። ጥርት ያለ ነው። ሽማግሌ ስለ አየር ሁኔታም ይዋሻል አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ፀጉር አስተካካዩ «የተዘዋዋሪ የዓይን ሐኪሞቹ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼሃለሁ፤ ሲመጡ በደብዳቤ ይጠሩሃል። ለልጅህ ግን ንገራት» አለው።

«ለእሷ? አብደሃል? አላይም ካልኳት በማግስቱ ሥራዋን ትታ ልትጠብቀኝ ነው፤ ልጅቷንም ለእህቷ ልትሰጥ ነው። ሆድ ይፍጀው። ካዳኑኝ ያኔ እነግራታለሁ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ «ልጅቷን ለእህቷ» የሚለውን ብቻ ነው የያዝኩት። አክስቴ ሩቅ ከተማ ነው ያለችው። በሆነ ጥፋቴ ሊልኩኝ ነው አልኩ። ከጥፋቴ ደግሞ ትልቁን አውቀዋለሁ። ብዙም ሳይቆይ መንገድ ሊሰፋ የፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፈረሰ፤ ሰውየውም ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄደ። አያቴ እጁ ላይ የቀረው የሚመጣው ደብዳቤ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ትምህርት ቤት መጣች። ታብሌት አልያዘችም፤ ወረቀት ነው የያዘችው። አንድ በአንድ እየጠራች በባዶ ክፍል ውስጥ ታስነብባለች። ተራዬ ሲደርስ ሥዕል የሌለበት ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች።

«በይ፣ ከዚህ ጀምሪ።»

የመጀመሪያውን ቃል በጣቴ ነካሁት። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ጠንከር አድርጌ ነካሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው የኔ ልጅ?»

«እስኪናገር እየጠበቅኩ ነው።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገችው፤ ዓይኗን አቧራ ገባው መሰለኝ። ጥጉ ላይ የቆመችው መምህራችን በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ስወጣ በሩ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። «አንደኛዋ እንዲህ ከሆነች ሌሎቹ ምን ሊሆኑ ነው?» አለች ባለመነጽሯ። መምህራችን ቀስ ብላ ሰባ ልጅ፣ አንድ ጉሮሮ፣ ምናምን አለች። ከዚያ ባለመነጽሯ «ቢያንስ ለወላጆቻቸው ደብዳቤ ይጻፍላቸው» አለች።

ደብዳቤ ይመጣል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ሰው ታስነብባለች። ያ ሰው «ልጅሽ ቀጣፊ ናት» ብሎ ያነብላታል። ከዚያ አክስቴ።

ከክፍላችን ልጆች ማንም አልተማረም ብል ዋሾ እሆናለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው፣ ቅንድቧ የተጋጠመ ስለሆነ «ቅንድቦ» የምንላት ልጅ፣ በዚያችው በእኔ ታብሌት ነው ማንበብ የቻለችው። ታላቅ እህቷ እረፍት ሰዓት ላይ ትመጣና ሥዕሉን በመዳፏ ከድና፣ ድምፁን ዘግታ «መጀመሪያ አንቺ በይ፤ ከዚያ እሷ ትበል» ትላታለች። ቅንድቦ እያላበች ትንተባተባለች፤ ከዚያ እትዬ ትክክል ነሽ ወይም አይደለሽም ትላለች። እኔ ከጎን ሆኜ እስቅባታለሁ። በእሷ ፍጥነት ኮከብ መቼ ይሞላል?

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ለልጆች የንባብ ፕሮግራም ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። በየስብሰባው አንዱ ይነሣና «ለመሆኑ ይሄ ነገር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ይላል። የቅንድቦን እህት መዳፍ እነግራቸዋለሁ። ሌላውን አልነግራቸውም። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነኝ፤ ልጁ አፉን ሳይከፍት ድምፁ እንዳይናገር። «ልጆቹ ይሰለቻሉ» ይሉኛል። ይሰልቹ እላለሁ። ክፉ ሴት እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

ደብዳቤው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ፖስተኛው በሩን ሲያንኳኳ አያቴ ቶሎ ሲነሣ ጉልበቱን ከበርጩማው ጋር አጋጨው። ፖስታውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ዳሰሰው፤ ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«በይ አራት ነጥቤ፤ የዛሬው ጋዜጣችን ይሄ ነው።»

ከፈትኩት። ከታች ወይን ጠጅ የሆነ ክብ ማኅተም አለበት። የትምህርት ቤታችን ማኅተምም ክብና ወይን ጠጅ ነው። ማኅተም ሁሉ ክብ እንደሆነ ማን ነግሮኝ?

«የማነው?» አለ አያቴ።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።

«የሐኪሞቹ ነው?»

እሱ ራሱ መውጫ በር ከፈተልኝ። «አዎ» አልኩ።

«እህ? ምን ይላሉ?»

«ና» ይላሉ ብዬ ብነግረው ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ለሰው ያሳያል። ሰውየው ያነበዋል። ስለዚህ «አትምጣ» ማለት አለባቸው። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ምራቅ በምውጥባት ጊዜ ውስጥ ነው። አፌን ስከፍት ግን እትዬ አልመጣችም። ከእሷ የተማርኩት ደብዳቤ የለም፤ ሬዲዮም እንዲህ ያለ ነገር አያወራም።

«ክ... ክቡር አባት» አልኩ። ጣቴን መስመሩ ላይ እየጎተትኩ። «ዘን... ዘንድሮ ብዙ ሰው... ስላለ... አሁን አይ... አይምጡ። በሌላ ደብዳቤ እንጠራ... እንጠራዎታለን።»

አያቴ አገጩን ከምርኩዙ ላይ አነሣ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል።

«ድጋሚ አንብቢው» አለኝ።

አጭር ስለነበረና ስለፈራሁ ያንኑ ደገምኩት፤ እዚያው የተንተባተብኩበት ቦታ ላይ እየተንተባተብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጌ ተናገርኩ።

አያቴ ሳቀ። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና መዳፉን ራሴ ላይ አሳረፈ። «ደህና፤ ደህና ነው። ይጠሩኛል» አለ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ አራት ቦታ አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው። መርፌ ስለቀረለት ነው የተደሰተው አልኩ። መርፌ ማን ይወዳል? እኔም ከአክስቴ ስለተረፍኩ ተደሰትኩ። ያን ዕለት በቤታችን ሁለት ደስተኛ ሰዎች ነበሩ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። በስምንተኛው ወር አያቴ ፍል ውኃ ጠረጴዛ ላይ ቀዳ፤ እናቴ ቆማ እያየችው። ያኔ ነው ሁሉም የወጣው። እናቴ አልጮኸችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመችና «ለስንት ጊዜ ነው የደበቅከኝ?» አለች። እኔን ወደ አክስቴ ለመላክ ሻንጣዬ ሁለት ጊዜ ታሰረ፣ ሁለት ጊዜ ተፈታ። በመጨረሻ እናቴ የሆስፒታሉን ሥራ ለቀቀች፤ ቅርብ ለመሆን በየሰፈሩ ቤት ለቤት ማጠብ ጀመረች። አያቴ የፈራው ሁሉ ደረሰ።

ሐኪሞቹ በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ሦስታችንም ሄድን። እኔ እጁን ይዤ እመራዋለሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። መዝገብ ገለጠ።

«ባለፈው ዓመት ለምን ቀሩ? ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ይኸው ስምዎ። ደብዳቤ ልከንልዎ ነበር።»

«ምን ደብዳቤ?» አለች እናቴ። «የምን ደብዳቤ ነው የሚለው አባዬ?»

የአያቴ እጅ እጄ ውስጥ ነበር። ጭብጥ አደረገኝ፤ ጣቶቼ እስኪያሙኝ። ሐኪሙን ፈራው አልኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቅ አደረገኝ።

«አልደረሰንም» አለ። «ፖስታ ቤት ነዋ። ጠፍቶ ይሆናል።»

ሐኪሙ ረጅም ነገር አስረዳ። ሞራው ቢነሣም ከኋላ ያለው ነርቭ ሞቷል፤ የዓይኑ ውስጥ ግፊት ገድሎታል፤ ባለፈው ዓመት ቢሆን ኖሮ የቀኙን ዓይን ያተርፉት ነበር። እናቴ እዚያው ቆማ ፖስታ ቤቱን ረገመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፖስታ ቤት በር ባለፈች ቁጥር ትተፋለች። እኔ ምን ተሰማኝ? ምንም። የእኔ ደብዳቤ የትምህርት ቤቱ ነበር፤ የእነሱ ጠፋ። ካደግኩ በኋላ አንዳንዴ ሐሳቡ ይመጣብኝ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ነው እያልኩ አባርረው ነበር። ዓይን ያወጣ ውሸት ለራስም ይዋሻል።

ከሐኪሙ ተመልሰን ቤት ስንገባ አያቴ «ሣጥኔን አውጪልኝ» አለኝ። አንዲት የእርሳስ ፊደል መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ዳብሻት። ይቺ አትናገርም፤ ብትነኪያት ብትነኪያትም አትናገርም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።» ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተማርኩ፤ የተገለበጠ ፊደል፣ የጨለመ ዓይን፣ ጥቁር ጣት። ስሳሳት ይገባዋል፣ ሳቆምም ይገባዋል። አንድ ቀን አልገሠጸኝም። ስለዚያ ደብዳቤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህን ሳስብ ፍቅሩ አንጀቴን ይበላዋል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እናደድበታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቢጮኽብኝ ምን ነበረበት?

ዐሥራ አንድ ዓመት በጨለማ ኖሮ ሞተ።

በሞተ በወሩ እናቴና እኔ ሣጥኑን አውርደን አጸዳነው። ፊደሎቹን በጨርቅ እየጠረግን ወለል ላይ ደረደርናቸው። እናቴ እንደ መሳቅ አለች።

«ያን ቀን ታስታውሻለሽ? መጀመሪያ ያነበብሽለትን ቀን።»

«የቱን ቀን?»

«እኔ ከሥራ ስገባ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አባቴ እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ‹ዛሬ አነበበች› አለኝ። ‹ዓመት ሙሉ እኮ ያቺን ማሽን ነበር የምታሰማኝ። እንደ ውኃ ነበር የምታወርደው። የሚያነብ ሰው ይደናቀፋል፤ አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ሲያነቡ ሰምቻለሁ። ዛሬ ተደናቀፈች። ድጋሚ ስላት እዚያው ቦታ ላይ ተደናቀፈች። አነበበች› አለኝ። ምነው፣ ያኔ ሳይነግርሽ ቀረ?»

እጄ ላይ የነበረችው ፊደል ወደቀች። ስዋሽ ሁልጊዜ አውቆብኛል። ያን ቀን ብቻ አመነኝ።

«የምን ጽሑፍ ነው ያነበብኩለት?» አልኩ፤ ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም።

«ከማተሚያ ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ነው ያለኝ። እንዴት ከረምክ ምናምን የሚል።» እናቴ የሣጥኑ ወለል ላይ የተነጠፈውን ወረቀት እየላጠች ነበር። ወረቀቱ ሲነሣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ቢጫ የሆነ ነገር ከሥሩ ወጣ። ገለጠችው፤ ማኅተሙን አየችና ፊቷ በራ። «ይኸው፤ ይኸው መሆን አለበት። አስቀምጦልሽ ነው እኮ። እኔ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ እስኪ አንብቢልኝ።»

ተቀበልኳት። ከማኅተሙ በላይ የተጻፈውን ለማየት አንድ አፍታ በቂ ነበር። እናቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እንደ እንግዳ ቀና ብላ ተቀመጠች። ማንበብ አትችልም። ክቡር የቀድሞ ሠራተኛችን ብዬ ብጀምር፣ በዚያ በማይጎረብጠው ድምፅ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ሙያው አለኝ።

«የዓይን ሕክምና ቡድን» አልኩ። «በዝርዝራችን... ተራ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ላይ ስለተመዘገቡ... ለቀዶ ሕክምና በወሩ በዐሥራ... በዐሥራ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ... አንድ አስታማሚ ይዘው እንዲ... እንዲቀርቡ። ቡድኑ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት። ውጭ አንድ መኪና አለፈ፤ ወለሉ ላይ ፊደሎቹ ትንሽ ተንቀጠቀጡ። ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ቀስ በቀስ ሲሄድ አየሁት። እኔን አላየችኝም፤ ወረቀቱን ነበር የምታየው።

«ድጋሚ አንብቢው» አለችኝ።